ተረኛው ሐኪም ስንት ሰዓት ነቅቷል? ስለ ዲውቲ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ኢንተርን፣ ማለትም የሕክምና ትምህርቱን የመጨረሻ ዓመት በሥራ ላይ የሚጨርስ ተማሪ፣ በነበርኩበት ዓመት ስንት ሌሊት ሆስፒታል እንዳደርኩ ቆጥሬው አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ እናቴ ታማ ተኛችና እኔ በተራዬ የአስታማሚ ወንበር ላይ አደርኩ። ያኔ ነው ነገሩ ከሁለቱም በኩል የታየኝ። ተረኛው ልጅ ዓይኑ ቀልቶ ሲመጣ አንጀቴን ይበላኛል። ግን ደግሞ የእናቴን መድኃኒት የሚያዘው እሱ ነው።

ስለዚህ ነገር ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከጀማሪ ሐኪሞችም ብዙ እጠየቃለሁ። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ዲውቲ ሲባል ምን ማለት ነው? ሐኪሙ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ዲውቲ ተራ ማለት ነው። ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ውጭ፣ ሌሊቱንና የበዓሉን ቀን ሆስፒታሉን የሚጠብቀው ሐኪም ተረኛ ይባላል። ችግሩ ይህ ተራ በቀኑ ሥራ ላይ መደረቡ ነው።

ኢንተርኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ራውንድ ሲዞር (ሕሙማንን በየአልጋቸው ሲያይ)፣ ደም ሲቀዳ፣ ውጤት ሲያሳድድ፣ ካርድ ሲጽፍ ይውላል። አመሻሹ ላይ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ የእሱ ሌሊት ይጀምራል። ሲነጋ ደግሞ ማታ የገቡትን ሕሙማን ሞርኒንግ በሚባለው የጠዋት ስብሰባ ላይ ያቀርባል። ከዚያ እንደገና ራውንድ አለ። 24 ሰዓት የተለመደ ነው። 30 የሚሆንበት፣ 36 የሚደርስበትም ጊዜ አለ።

ሌሊቱ ከቀለለለት ዲውቲ ሩም፣ የተረኞች ማረፊያ ክፍል፣ ገብቶ ጎኑን ያሳርፋል። ጫማውን ግን አያወልቅም።

በደረጃ ካየነው ከታች ኢንተርኑ አለ። ከእሱ በላይ ሬዚደንቱ አለ፤ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ሲኒየሩ፣ ማለትም ስፔሻሊስቱ አለ፤ ሌሊት ሌሊት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በስልክ ነው። ስለዚህ እናንተ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የምታገኙት ሐኪም በአብዛኛው ከሁሉም በልምድ የሚያንሰውና ከሁሉም የደከመው ነው።

እንዲህ ያለ ረጅም ሰዓት ከየት መጣ?

ሬዚደንት የሚለው ቃል ራሱ ነዋሪ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲከፈት የቀዶ ሕክምናው የመጀመሪያ ኃላፊ ዊልያም ሃልስቴድ ነበር። እሱ ባቋቋመው ሥልጠና ሠልጣኞቹ እዚያው ሆስፒታል ይኖሩ ነበር። ቀንም ሌሊትም የሆስፒታሉ ናቸው። ይህ አሠራር በመላ አሜሪካ ተሰራጨ፤ ከዚያም ወደ ሌላው ዓለም ተሻገረ።

ሃልስቴድ ታላቅ ሐኪም ነበር። የጎማ ጓንት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲገባ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው። ግን ኮኬይንን እንደ ማደንዘዣ በራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ ያዘው፤ በኋላም ሞርፊን ተጨመረበት፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲታገለው ኖረ። ይህን የማነሳው ስሙን ለማጉደፍ አይደለም። ሰው ሁሉ ሊከተለው ይገባል ተብሎ የተያዘውን ልክ ያወጣው ሰው ራሱ በጤናማ ጉልበት ብቻ እየሠራ እንዳልነበረ ማወቅ ተገቢ ስለሆነ ነው።

ደግሞም የዚያ ዘመን ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) የዛሬው ዋርድ አይደለም። በሽተኛው ለሳምንታት ይተኛል፤ የሚሰጠው መድኃኒት ጥቂት ነው። ዛሬ አንድ በሽተኛ አሥር ዓይነት መድኃኒት ሊወስድ ይችላል። በየሰዓቱ የሚታይ ውጤት አለ። ሰዓቱ እንዳለ ቀጥሎ ሥራው ግን ስንት እጥፍ ሆኗል።

እንቅልፍ ያጣ ሐኪም እውነት ይሳሳታል? የለመደ ሰው አይቋቋመውም?

ይሳሳታል። ልማድም አያድነውም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ ያደረጉት ጥናት "ኔቸር" መጽሔት ላይ ወጣ። 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ዓይንና እጁን የማቀናጀት ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። 24 ሰዓት ሲሞላው 0.10 በመቶ ገደማ ደረሰ። ይህ በብዙ አገር መኪና መንዳት ከሚከለከልበት መጠን በላይ ነው። ጠጥቶ የመጣ ሐኪም ልጃችሁን እንዲያክም አትፈቅዱም። 24 ሰዓት የነቃውን ግን ሁላችንም እንፈቅዳለን።

ቦስተን ውስጥ ደግሞ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ኢንተርኖችን ሁለት ዓይነት ፕሮግራም አሠርተው አነጻጸሯቸው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆዩት፣ ተራቸው ካጠረላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከባድ ስሕተት የሠሩት በ36 በመቶ ገደማ በልጦ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። ለአንዲት ሕፃን መድኃኒት እያዘዝኩ ሳለ እስክሪብቶዬ ከመስመሩ ወርዶ እስከ ካርዱ ጠርዝ ድረስ ቀጭን ጭረት ጎተተ። ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ ተከፍቶ፣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ተኝቼ ነበር። ብንን አልኩና ቁጥሩን ጽፌ ካርዱን ሰጠሁ። ነርሷ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሲስተር ነበሩ። ካርዱን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርገው አዩት። "ዶክተርዬ፣ ይችን ቁጥር እስቲ አንዴ እያት" አሉኝ ቀስ ብለው። 0.5 መጻፍ ሲገባኝ 5 ጽፌያለሁ። አሥር እጥፍ።

ሕፃኗ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያቺን ጭረት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ስጽፍ ደክሞኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ደህና ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። እንቅልፍ ማጣት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የእንቅልፍ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩትም ይህንኑ ነው። እንቅልፍ የጎደለው ሰው ምን ያህል እንደተዳከመ ራሱ አያውቀውም።

ለሰውነታችን ሰዓት ከሁሉም የሚከብደው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ነው። የሙቀት መጠናችን ዝቅ የሚለው፣ አእምሯችን የሚፈዘው ያኔ ነው። ድንገተኛ ክፍል ደግሞ በዚህ ሰዓትም በሩ ክፍት ነው።

የሐኪሞችን ሰዓት የሚገድብ ሕግ እንዴት ተጀመረ?

በአንዲት ልጅ ሞት።

ሊቢ ዛየን 18 ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ይዟት ማታ ወደ ኒው ዮርክ ሆስፒታል ተወሰደች። ያዩዋት አንዲት ኢንተርንና አንድ ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ናቸው። ኃላፊው ሐኪም በስልክ ነበር። ልጅቷ ለድብርት ፌኔልዚን የሚባል መድኃኒት ትወስድ ነበር። መንቀጥቀጡን ለማስታገስ ፔቲዲን ተሰጣት። ሁለቱ አብረው መሰጠት የለባቸውም። ኢንተርኗ በዚያ ሌሊት በአሥር የሚቆጠሩ ሌሎች በሽተኞችም ነበሩባት። ሊቢ ሌሊቱን እየባሰባት ሄደ፤ ሙቀቷ ወደ 42 ዲግሪ ወጣ። ሲነጋ ሞተች።

አባቷ ሲድኒ ዛየን ጋዜጠኛና ጠበቃ ነበር። ነገሩን አልተወውም። ጉዳዩን የመረመረው፣ ግራንድ ጁሪ የሚባለው ከተራ ዜጎች የተውጣጣ ጉባኤ ሐኪሞቹን በወንጀል አልከሰሰም፤ ሥርዓቱን ግን አጥብቆ ነቀፈ። ከዚያ በበርትራንድ ቤል የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት ሠልጣኝ ሐኪም በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በአንድ ተራ ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደነገገ። በ2003 የ80 ሰዓቱ ገደብ በመላ አሜሪካ ለሚሠለጥኑ ሐኪሞች ሆነ። አሜሪካ ሬዚደንሲ የገባ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ስልክ የማያነሳበትን ምክንያት በዚህ አስሉት። 80 ሰዓት የተቀነሰው ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን መቀነስ ችግሩን ፈታው ማለት ነው?

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያልፈውም ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካኖቹ የኢንተርንን ተራ ወደ 16 ሰዓት አወረዱት። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተካሄዱ፤ አንዱ በ117 የቀዶ ሕክምና ሥልጠናዎች፣ ሌላው በ63 የውስጥ ደዌ ሥልጠናዎች። ሁለቱም ረጅም ተራ የተፈቀደላቸውን ካልተፈቀደላቸው ጋር አነጻጸሩ። በበሽተኞች ሞት ረገድ ረጅሙ ከአጭሩ የከፋ ሆኖ አልተገኘም። በ2017 ደንቡ ተመልሶ 24 ሰዓት ሆነ፤ ለርክክብ፣ በሽተኞቹን ለቀጣዩ ተረኛ ለማስረከብ፣ እስከ 4 ሰዓት ይጨመርበታል።

ይህን አይቶ "ይኸው፣ ድካም ችግር አይደለም" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልስማማም። ምክንያቴን በ2020 በወጣ አንድ ጥናት ላስረዳ። በስድስት የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ የሬዚደንቶችን ተራ ወደ 16 ሰዓት አሳጠሩት። ስሕተት ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ጨመረ። ለምን? ተራው ሲያጥር ሐኪም አልተጨመረም ነበር። አንዱ ሬዚደንት የሚይዘው በሽተኛ በዛበት። የበሽተኛውን ቁጥር ግምት ውስጥ አስገብተው ሲያሰሉት ልዩነቱ ጠፋ።

ይህ ጥናት ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ሰዓት ቀንሶ ሰው አለመጨመር ማለት ሥራውን በጠባብ ሰዓት ውስጥ መጠቅጠቅ ነው። ሐኪሙ ተኝቶ ይመጣል፤ ግን 40 በሽተኛ ይጠብቀዋል። ሁለቱ አብረው ካልተስተካከሉ አንዱ ብቻውን አይሠራም።

ሌላው ሐኪም በተቀያየረ ቁጥር የሚጠፋው ነገር ነው። ተራ ባጠረ ቁጥር ርክክብ ይበዛል።

ርክክብ ያን ያህል ከባድ ነገር ነው?

እናንተ አንድ ነገር ለጎረቤት ነግራችሁ፣ ጎረቤት ለባሏ ነግራ፣ ባሏ ለልጁ ሲነግር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ርክክብም እንደዚያ ነው። ሰጪው ከደከመ ይረሳል። ተቀባዩ ከቸኮለ አይሰማም።

አሜሪካ ውስጥ ዘጠኝ የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች አይ-ፓስ የሚባል የርክክብ ሥርዓት አስገብተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ፣ መከላከል ይቻል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ ቀነሰ። መሣሪያ አልገዙም፤ ሐኪም አልጨመሩም። ያስተካከሉት የአነጋገሩን ቅደም ተከተል ነው። ሰጪው መጀመሪያ በሽተኛው ምን ያህል እንደታመመ ይናገራል። ቀጥሎ ታሪኩን ባጭሩ፣ ከዚያ ሌሊቱን መሠራት ያለበትን፣ ከዚያ "እንዲህ ቢሆን እንዲህ አድርግ" የሚለውን። በመጨረሻ ተቀባዩ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል።

ይቺ የመጨረሻዋ ወርቅ ናት። የሰማሁትን ስደግመው ያልሰማሁት ይታወቃል። ለዚህ ደግሞ በጀት አያስፈልግም። ነገ ጠዋት የትኛውም የወረዳ ሆስፒታል ሊጀምረው ይችላል።

አውሮፓስ?

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሳምንት በአማካይ 48 ሰዓት፣ በየቀኑም 11 ሰዓት ዕረፍት ይላል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2003 በሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች አንድ ነገር ቁርጥ አድርጎ ተናግሯል። ሐኪሙ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ እስከተጠባበቀ ድረስ፣ ተኝቶም ቢሆን ሥራ ላይ ነው። "ተኝቶ ነው ያደረው" የሚል አለቃ ላለበት ሁሉ ይህን ባነበብኩለት እላለሁ።

የኛ አገር ሁኔታ እንዴት ነው? ሕግ የለም?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት መደበኛው ሳምንታዊ የሥራ ሰዓት ለረጅም ዘመን 39 ሰዓት ሆኖ ቆይቷል። አንድ የ36 ሰዓት ዲውቲ ማለት የሳምንቱን ሥራ ከሞላ ጎደል በአንድ ትንፋሽ መሥራት ነው። ልጁ ግን ሳምንቱ ገና አላለቀለትም። ከአንድ ቀን በኋላ ሌላ ዲውቲ አለው።

በቁጥር ካየነው አገራችን ውስጥ ያለው ሐኪም ለ10 ሺህ ሰው አንድ ገደማ ነው። ለብዙ ዘመን ሐኪም የሚያስመርቁት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ማስፋፋቱ መጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ብቻ 13 አዳዲስ የሕክምና ማሠልጠኛዎች በአንድ ፕሮግራም ተከፈቱ። አሁን ተመራቂው በዝቷል። ግን መቅጠሪያ በጀት የለም ተብሎ ዲግሪውን ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሐኪም አለ። በአንድ በኩል ሥራ ፈላጊ ሐኪም፣ በሌላ በኩል 36 ሰዓት የቆመ ሐኪም። ይህን ሳስብ ሆዴ ይቃጠላል። በሽተኛ ሞልቶ፣ ሐኪም ተርፎ፣ ሁለቱ አይገናኙም።

ሐኪሞች የሚጮኹት ስለ ደመወዝ አይደል? እንቅልፍ ምን አገባው?

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በርካታ የመንግሥት ሆስፒታል ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቹ ፊት የነበረው ደመወዝ ነው፤ እውነት ነው። ግን ደመወዙና እንቅልፉ አንድ ገመድ ናቸው። ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይከፍልለት ሐኪም ዲውቲ አድሮ ቤቱ አይሄድም። ፓርት ታይም ይሄዳል። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ከሰዓቱን ይሠራል፤ ምናልባት እዚያም ያድራል። ማግስቱን ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሲመለስ ሁለት ሌሊት አልፎታል። በሽተኛው የሚያየው የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ ስለሆነ "ፊቱን አጨማደደብኝ" ይላል።

አውቃለሁ፣ የሚያመናጭቅ ሐኪም አለ። ሁሉንም በድካም ማስተባበል አልፈልግም። ግን ብዙው ቁጣ ከክፋት የመጣ አይደለም።

በርን አውት የሚባለው በሽታ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ብሎ መድቦታል። ሦስት መልክ አለው። መዛል፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የሚሠሩት ሁሉ ፋይዳ የሌለው ሆኖ መታየት። ሐኪም ላይ ሁለተኛው ያስፈራኛል። በሽተኛን በስሙ መጥራት ትቶ "አልጋ 7" ማለት ሲጀምር ልብ በሉት።

ምክሩ ብዙውን ጊዜ "ዮጋ ሥራ፣ ውኃ ጠጣ" ነው። ውኃ መጠጣት ጥሩ ነው። ግን ድርጅቱ ራሱ በሥራ ቦታ ባልተያዘ ጭንቀት የሚመጣ ነው ብሎ ነው የገለጸው። ስለዚህ መፍትሔውም በአብዛኛው ያለው ሥራ ቦታው ላይ ነው።

ሐኪሞች የሚምሉበት የጄኔቫ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሻሻል አንድ አዲስ ነገር ገብቶበታል። ሐኪሙ ለበሽተኛው የሚገባውን ሕክምና ለመስጠት ለራሱም ጤና ይጠነቀቃል ይላል። እኛ ስንምል ይህ አልነበረም። ባልደረባችሁ እንቅልፍ አጥቶ ብቻ ሳይሆን መኖር አስጠልቶኛል ብሎ ካወራችሁ ግን ይህ ድካም አይደለም፤ ብቻውን አትተዉት፤ የዚያኑ ዕለት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ።

አስታማሚ ነኝ። ሌሊት ሐኪሙ ደክሞ ከሆነ እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ። ከምታስቡት በላይ።

በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ። ማሸጊያውን፣ ባዶውን ጠርሙስ ሳይቀር። "ለደም ግፊት ነጭ ክኒን" ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማንንም አይረዳም። የሊቢ ዛየንን ታሪክ ያነሳሁት ለዚህም ጭምር ነው፤ አደጋው ያለው በሚሰጠው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ቤት ይወሰድ በነበረው ላይም ነው። የባህል መድኃኒት ከተወሰደም ተናገሩ። ሐኪሙ ይቆጣል ብላችሁ አትደብቁ። ቢቆጣም ይቆጣ።

ከዚህ በፊት መድኃኒት አስቆጥቶት የሚያውቅ ከሆነ፣ ሰውነቱ አብጦ ወይም ሽፍታ ወጥቶበት ከነበረ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ሐኪም ድገሙት። አንዴ ነግሬያለሁ አትበሉ። ሐኪሙ ተቀይሯል።

እናቴ ተኝታ ሳለ ትንሽ ደብተር ገዝቼ ነበር። የተሰጣትን መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ ሙቀቷን፣ ሐኪሙ ያለውን እጽፋለሁ። አንድ ሌሊት ተረኛው ሬዚደንት መጥቶ ካርዱን ሲያገላብጥ ቆየ። የማታው አንቲባዮቲክ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም? ከካርዱ አልገባውም። ደብተሬን አሳየሁት፤ "3፡10 ተሰጠ፣ ሲስተር ሰጡ" ይላል። ልጁ ደብተሩን ይዞ ለደቂቃ ዝም አለ። ከዚያ "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። ሐኪም መሆኔን አያውቅም ነበር። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብና መጻፍ የምትችል የስምንተኛ ክፍል ልጅ ትበቃለች።

ቤተሰቡ አንድ ተናጋሪ ይምረጥ። አምስት ሰው በየተራ አንዱን ጥያቄ ከጠየቀ ሐኪሙ አምስት ጊዜ ከሥራው ይነሳል።

ማታ ተረኛው ሲገባ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። "ዶክተር፣ ዛሬ ሌሊት ምን ሲሆን ካየሁ ልጥራዎት?" መልሱን ጻፉት። ይህ ጥያቄ ሐኪሙንም አስቀድሞ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ሐኪሙ ሲያንጎላጅ ካየሁ ልናገር?

ተናገሩ፣ ግን አታዋርዱት። "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይህንን መጠን ከሲስተር ጋር አንዴ ብታዩልኝ ደስ ይለኛል" ማለት ይበቃል። እኔን ያዳኑኝ ሲስተርም ያሉት ከዚህ የበለጠ አይደለም። ሐኪሙ ቢቆጣ ወደ ነርሷ፣ ከዚያ ወደ ተረኛው ሬዚደንት ሂዱ። በስልክ አትቅረጹት። ከተቀረጸ በኋላ የሚያስበው ስለ በሽተኛችሁ ሳይሆን ስለ ስልካችሁ ነው።

ኢንተርን ነኝ። ሌሊቱን እንዴት ልለፈው?

ከቻልክ ዲውቲ ከመግባትህ በፊት ባለው ሌሊት በደንብ ተኛ። እንቅልፍን ማጠራቀም አይቻልም ይላሉ፤ ግን ጎድሎህ መግባትና ሞልቶልህ መግባት አንድ አይደለም።

ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ 20 ደቂቃም ብትሆን ተኛ። እንደነቃህ ግን ወዲያው ትእዛዝ አትጻፍ። ፊትህን ታጠብ፣ ቁም፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይ። ከእንቅልፍ የተነሳ አእምሮ ወዲያው አይሰበሰብም።

ቡና ይረዳል። ካፌይን ግን ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ደምህ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የጠጣኸው ጠዋት ቤትህ ገብተህ መተኛት ስትፈልግ ይጠብቅሃል። ስለዚህ በሌሊቱ መጀመሪያ ጠጣው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ የምታዝዘውን የሕፃናት መጠን፣ ኢንሱሊን፣ ፖታሲየምና ሞርፊን ብቻህን አትወስን። ድምፅህን አውጥተህ ለነርሷ አንብብላት። ሲኒየርህን መጥራት ካስፈለገህ ጥራ። "ለዚህ ነው የቀሰቀስከኝ?" ይልህ ይሆናል። ይበል።

ዲውቲ ጨርሼ መኪና ብነዳስ?

አትንዳ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት 2,737 የአሜሪካ ኢንተርኖችን ጠይቆ ነበር። ከረጅም ተራ በኋላ ወደ ቤቱ የሚነዳ ሐኪም የመጋጨት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ታክሲ ያዝ፣ ጓደኛ ያድርስህ፣ ካልሆነም ዲውቲ ሩም አንድ ሰዓት ተኝተህ ውጣ። ለሞተር ሳይክልም ያው ነው።

ለተረኛው ሻይ ወይም ምግብ ብንሰጥ ነውር ይሆናል?

ገንዘብ አትስጡ። እሱ ሌላ ነገር ነው። ሻይ ግን ሻይ ነው።

የሆነ ዓመት የገና ዋዜማ ተረኛ ነበርኩ። ዋርዱ ሞልቶ ፍራሽ ኮሪደር ላይ ተነጥፏል። አንዲት እናት ልጃቸውን ያስታምማሉ፤ ከገጠር ነው የመጡት፤ የያዙት አንድ ድፎ ዳቦ ብቻ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሳልፍ ነጠላቸውን ከዳቦው ላይ ገልጠው ቆርሰው ሰጡኝ። ቸኩያለሁ ብዬ ላልፍ ስል እጄን ያዝ አደረጉ። "ቁጭ በል ልጄ፣ አንተም የሰው ልጅ ነህ" አሉኝ። ከአልጋው ጠርዝ ቁጭ ብዬ በላሁ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር፤ ያኔ ነው የታወሰኝ። በልቼ ስጨርስ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ የልጃቸውን ካርድ አነሳሁና የማታውን ትእዛዝ እንደገና ከላይ ጀምሬ አየሁት።